የግራ እጄ ትንሿ ጣት

ስልኬን የማልቆልፍ ሰው ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ማዕረግ ነበር የምቆጥረው። ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን ምሳ ስንበላ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ እጥለዋለሁ፤ ማንም ቢያነሳው ግድ የለኝም። ጣት ሲነካው ይከፈታል፣ በቃ። ለምን እንደማልቆልፈው ሲጠይቁኝ "የምደብቀው ነገር የለኝም" እላለሁ። ይህን ስናገር ድምፄን ወፈር አደርገው እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የኔ ተቃራኒ ነች። ስልኳን ለመክፈት ስድስት ቁጥር ታስገባለች። ስታስገባም ፈተና ላይ ጎበዝ ተማሪ መልሱን እንደሚሸፍነው በመዳፏ ከልላ ነው። ባየኋት ቁጥር አሾፍባታለሁ። "የመንግሥት ካዝና እዚያ ውስጥ ነው እንዴ?" እላታለሁ። አትመልስልኝም። እኔም ዝምታዋን መልስ እንዳጣ ሰው ዝምታ እቆጥረው ነበር።

ባለቤቴም ነግራኛለች። አስተማሪ ስለሆነች አንድን ነገር ሦስት ጊዜ የመናገር ልማድ አላት።

"ይሄ ስልክ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል።"

"ምን ጉድ?"

"ምን እንደሆነ ካወቅኩትማ ምኑን ጉድ ሆነ።"

ጉዱ የመጣው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የመምሪያችን ኃላፊ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀ ስብሰባ አድርጎ ለቀቀን። ሰውየው በዕድሜ ከኔ አሥር ዓመት ያንሳል፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ችግሩ አንድ ነው፤ "ከዚህ አንጻር" ሳይል ንግግር መጀመር አይችልም። "ከዚህ አንጻር ሻይ ብንጠጣ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ከባልደረባዬ ጋር ወደ ኦሎምፒያ በእግራችን ስንወርድ የሱን ድምፅ ማስመሰል ጀመርኩ።

"ከዚህ አንጻር ቀኝ እግሬን አነሳለሁ። ከዚህ አንጻር ደግሞ ግራውን አስከትላለሁ።"

ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔ ባሰብኝ። ስለ ክራቫቱ ተናገርኩ። ስብሰባው ላይ አፋቸውን ከፍተው ስለተኙት ሁለት ቡድን መሪዎች ተናገርኩ። ስለ ሪፖርቱም፣ ከጻፈው ሰው በቀር ያነበበው እንደሌለ፣ የጻፈውም ሰው ቢሆን እንደጨረሰው እንደምጠራጠር አስረዳሁ። ጥሩ ቀን ነበር፤ ቃሉ እየመጣልኝ ነበር።

ስልኬ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ከቢሮ ስንወጣ የመጨረሻ የከፈትኩት የመሥሪያ ቤቱን የመልእክት ግሩፕ ነበር፤ እንደከፈትኩት፣ ሳልቆልፈው ኪሴ ከተትኩት። በመንገድ ላይ ጭኔ የድምፅ መቅጃውን ነካው። ስልኩ ቀዳ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጭኔ "ላክ" የሚለውን ነካው። ስልኩ ታዛዥ ነው፤ ላከ።

ኦሎምፒያ ካፌ ገብተን ማኪያቶ አዘዝን። ስልኬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የመጀመሪያውን መልእክት የላከችልኝ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ "ወንድሜ፣ ይህን ነገር ቶሎ አጥፋው" ትላለች። ምኑን? ግሩፑን ስከፍተው በስሜ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ተቀምጧል። ተጫንኩት። በመጀመሪያ የመኪና ጡሩንባ፣ ከዚያ ጨርቅ ሲፋተግ፣ ከዚያ የኔ ድምፅ፤ "ከዚህ አንጻር ቀኝ እግሬን አነሳለሁ።"

ባልደረባዬ ማኪያቶዋን አስቀመጠች።

"አጥፋው።"

"እንዴት ነው የሚጠፋው?"

"ስጠኝ።"

ተቀብላኝ አጠፋችው። ቁልፍ የሌለው ስልክ ስለሆነ ጊዜ አልፈጀባትም። ከመጥፋቱ በፊት ግን ከመልእክቱ ሥር አንዲት ምልክት አይቻለሁ፤ ወደ ላይ የተቀሰረች አውራ ጣት። የላካት ኃላፊያችን ነው።

ቅዳሜና እሁድን ያችን አውራ ጣት ሳስብ ዋልኩ። ሰምቻለሁ ማለቱ ነው? ወድጄዋለሁ ማለቱ ነው? ቆይ አሳይሃለሁ ማለቱ ነው? ባለቤቴን ጠየቅኳት። የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እሱንም ጭኑ ልኮት ይሆናላ" አለች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠራኝ።

"ይቀመጡ" አለኝ። ተቀመጥኩ። "ከዚህ…" ብሎ ጀመረና ቆመ። ሁለታችንም ጠረጴዛውን ማየት ጀመርን። ጉሮሮውን ጠርጎ ሌላ መንገድ ፈለገ። "ከላይ ደብዳቤ መጥቷል። እያንዳንዱ መምሪያ የመረጃ ደህንነት ተጠሪ ይመድብ ይላል። እርስዎን መድቤያለሁ።"

"እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለኝም" አልኩት።

"ልምድ አለዎት" አለኝ። አልሳቀም። "በሚቀጥለው ወር ለሠራተኛው ስልጠና ይሰጣሉ።"

የተመደብኩበት ደብዳቤ በዚያው ቀን ቁጥር ወጥቶለት ደረሰኝ። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ሥራ አቅልሎ ማየት አልወድም። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን መመሪያ አንብቤ እንደጨረስኩ ከትናንቱ ሰውዬ የተረፈ ነገር አልነበረም። ቁልፍ የሌለው ስልክ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር እንደ ሰባኪ ያደርገኝ ጀመር። ቅዳሜ ደምበል ሄድኩና አንድ የስልክ መሸጫ ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ፈጣን ወሬ ያላት ወጣት ሴት ነበረች።

"ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ስልኬን ቆልፊልኝ።"

"በአሻራ፣ በቁጥር፣ በፊት፣ በምን?"

"ከሁሉም ጠንካራው በየትኛው ነው?"

አየችኝ። "ማለቴ፣ በጣም ሲጠብቅ ለራስዎም ያስቸግራል። አሻራና ስድስት ቁጥር ይበቃዎታል። የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር ሳይከፈት ከላይ እንዲታይ ላድርግልዎት? አደጋ ቢያጋጥም ይጠቅማል።"

"የቤተሰቤን ቁጥር ለአላፊ አግዳሚ አላሳይም።"

"እሺ። ፎቶና ቪዲዮዎን ደግሞ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጥልዎት። ስልኩ ቢጠፋ እነሱ አይጠፉም።"

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ካዛንቺስ ያደግኩበት ቤት መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። ከመፍረሱ ሁለት ቀን በፊት እናቴን ከበር ጀምሬ ክፍል ለክፍል እያስዞርኩ ቀርጫት ነበር። በቪዲዮው ላይ ነጠላዋን አስተካክላ "እዚህ ጋ አባትህ ይቀመጥ ነበር፣ እዚህ ጋ አንተን ወለድኩህ" እያለች ታሳያለች። ከስልኬ በቀር የትም የለም።

"ቅጂው የሚቀመጠው የት አገር ነው?" አልኳት።

"አላውቅም ጋሼ፤ የሆነ ቦታ።"

"የእናቴ ጓዳ የሆነ ቦታ አይቀመጥም።"

"እሺ። በስንት ጊዜ ይቆለፍ? ሁለት ደቂቃ?"

"ትንሹ ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት ሰከንድ። ግን ይሰለችዎታል።"

"አሥራ አምስት አድርጊው።"

"ቁጥሩን አሥራ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ካለ ሁሉን ነገር ጠርጎ የሚያጠፋም አለ። እሱን እንኳ…"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

መከራከሯን ተወችው። "የትኛውን ጣት ላስገባ?" አለችኝ።

"የግራ እጄን ትንሿን ጣት።" ቀና ብላ ስታየኝ አስረዳኋት። "ሌባ መጀመሪያ የሚያስበው አውራ ጣትን ነው።"

"ጋሼ፣ ሌባ እኮ ጣትዎን ይዞ አይሄድም" አለች።

ቁጥሩን ራሴ መረጥኩ። መመሪያው የልደት ቀን አታድርጉ ስለሚል የተመደብኩበትን ደብዳቤ ቁጥር አስገባሁ። ከሱቁ ስወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠብቄ አላውቅም።

ላንቻ ያለው ቤታችን ውስጥ ኑሮ ተለወጠ። ስልክ ሲደወልልኝ ተነስቼ ኮሪደር እወጣለሁ። መልእክት ሳነብ በመዳፌ እከልላለሁ። አንድ ማታ ባለቤቴ ሰዓት ለማየት ስልኬን ብታነሳው ከእጇ ነጠቅኳት። እራት ከበላን በኋላ ሳህን እያጠበች ጠየቀችኝ።

"ሴት ይዘሃል?"

"የመረጃ ደህንነት ነው" አልኳት።

"ስሟ እሱ ነው?"

ትንሿ ጣትም የሚታሰበውን ያህል ቀላል አይደለችም። ሰው ስልኩን በግራ ይዞ በቀኝ ነው የሚከፍተው፤ እኔ በቀኝ ይዤ የግራዋን ትንሽ ጣት የሻይ ስኒ እንደያዘ ባለሥልጣን ቀስሬ አመጣለሁ። ታክሲ ውስጥ ቆሜ ከሆነ አይቻልም። እጄን ከታጠብኩ አያነበኝም። አንድ መልእክት ላነብ ከፍቼ፣ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ይጠፋል። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ታያለች፤ አትናገርም። የተናገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ "እሱ ስልክ አንተን ማን ብሎ ነው የሚጠረጥርህ?" አለችኝ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት ዝናብ እያካፋ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቢሮ ስሄድ ስልኬ ጮኸ፤ የባለቤቴ መልእክት ነው። ዣንጥላውን በአገጬና በትከሻዬ መሀል ቀርቅሬ ስልኩን በቀኝ አወጣሁ፣ የግራዋን ትንሽ ጣት አመጣሁ። እርጥብ ናት። "እንደገና ይሞክሩ" አለኝ። ኮቴ ላይ ጠርጌ አመጣኋት። እንደገና ይሞክሩ። ወደ ቁጥሩ ዞርኩ። አራተኛውን ቁጥር ሳስገባ የዝናብ ጠብታ አምስተኛውን አስገባልኝ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ያማረ ነው፤ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ነው። የመንገዱ ጠርዝ የት ጋ እንደሚያልቅ አላየሁም። እግሬ ከዳኝ፤ በግራ እጄ ላይ ወደቅኩ፤ ጭንቅላቴም ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ።

ሙሉ በሙሉ ራሴን አልሳትኩም። ሰምቼ መናገር አቃተኝ እንጂ። ከጎኑ ካለው ሕንፃ ጥበቃው ሮጦ መጣ። ካልሲና የውስጥ ልብስ በፌስታል ይዛ እየዞረች የምትሸጥ አንዲት ሒጃብ የለበሰች ሴትዮም አጠገቤ ተንበረከከች።

"ስልኩን ክፈተውና ለቤተሰቡ ደውልለት" አለችው ጥበቃውን።

ጥበቃው ቀኝ እጄን ይዞ አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ ጫነው። እምቢ አለ። ጠቋሚ ጣቴን ጫነው። እምቢ አለ። ከዚያ የግራ እጄን ሲያነሳው የሰማሁት ጩኸት የኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

"ተወው፣ ተሰብሯል" አለችው ሴትዮዋ።

"አውራ ጣቱን ብቻ ልሞክርለት።"

"ተው ብዬሃለሁ። ልትነቅልበት ነው?"

ትንሿን ልለው ፈለግሁ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። በዚያ ላይ ብናገርስ ማን ያምነኛል። ጥበቃው ወደ ቁጥር ተሻገረ። "ሰው ሁሉ ከአንድ እስከ ስድስት ነው የሚያደርገው" እያለ ሞከረ። ዜሮ ብቻም ሞከረ። የሕንፃውን ቁጥርም ሞከረ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ሴትዮዋ የደረት ኪሴን ፈትሻ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አገኘች። ቢሮው ቅርብ ነው። ፌስታሏን ለጥበቃው ሰጥታ በዚያ ዝናብ መታወቂያዬን ይዛ ሄደች። ባልደረባዬን ይዛ ስትመለስ ጥበቃው በአንድ እጁ ካልሲ፣ በአንድ እጁ ዣንጥላዬን ይዞ ከላዬ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋን በወጉ አላመሰገንኳትም። እስከ ዛሬ ባያትም አላውቃትም።

ክሊኒክ ስደርስ ምላሴ ተመለሰ። ባልደረባዬ የባለቤቴን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም። ስልኬ ነበር የሚያውቀው። እሱን እንዳልከፍት ትንሿ ጣቴ አብጣለች፤ የመክፈቻው ቁጥር ደግሞ ጭንቅላቴ ከተመታ ወዲህ አልመጣልህ ብሎኛል። የሰው ኃይል ክፍል ከማኅደሬ ፈልጎ እስኪሰጣት ድረስ አንድ ሰዓት ሄደ።

ባለቤቴ ስትደርስ እኔ ራጅ ክፍል ገብቼ ነበር። ሐኪሙ ለደም ግፊት የምወስደውን መድኃኒት ጠየቃት። የመድኃኒቱ ስም ጠፋባት፤ ካርቶኑን ፎቶ አንስቼ እንደያዝኩት ግን ታውቃለች። ስለዚህ ስልኬን ከባልደረባዬ ተቀብላ ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቁጥር መሞከር ጀመረች። የልጃችንን ልደት ሞከረች። የሠርጋችንን ቀን ሞከረች። የራሷን ልደት፣ የኔን ልደት፣ የእናቴን። በአውሮፓ አቆጣጠር ቀይራ እንደገና ሞከረች። ስልኩ በየመሀሉ ጠብቂ ይላታል፤ ትጠብቃለች። ሊያጠፋ እንደሆነም አስጠንቅቋታል። ማስፈራሪያ መሰላት። ባልደረባዬ እንደነገረችኝ ከአሥረኛው በኋላ መድኃኒቱን ትታዋለች፤ የምትፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነበር። ጥበቃው የሞከራቸው እንደሚቆጠሩ ደግሞ ማንም አልነገራትም።

እጄ በጄሶ ታስሮ ስወጣ ስልኩ ጭኗ ላይ ነበር። ስክሪኑ ነጭ ሆኗል። "እንኳን ደህና መጡ፤ ቋንቋ ይምረጡ" ይላል።

ምን እንደሆነ ሲገባኝ ሌላ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

"ቁጥሩ ምን ነበር?" አለችኝ።

"የተመደብኩበት ደብዳቤ ቁጥር።"

"ደብዳቤ" አለች። "እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የኖርነውን ዘመን ሁሉ ሞከርኩ።"

"መመሪያው ቀን አታድርጉ ይላል።"

"መመሪያው ወድቀህ ስትዘረጋ ማን ይክፈትልህ ይላል?"

"እሱን አይልም።"

"ገጽ ጎድሎበት ይሆናል" አለች፤ ተነስታም የሕክምና ካርዴን ልትቀበል ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የተቆጣችብኝ ነበር የመሰለኝ። ፈርታ እንደነበር ቤት ከገባን በኋላ ነው የነገረችኝ።

የእናቴ ቪዲዮ ሄደ። ስልኩን ሦስት ቴክኒሺያኖች ጋ ወሰድኩት፤ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። "በደንብ ነው ያጠፋው" አለኝ አንደኛው፣ አድናቆት ባለው ድምፅ።

ቢሮ ስመለስ ባልደረባዬ ስልኳን ሳትከፍት አዙራ አሳየችኝ። ከታች በኩል የባሏ ስልክ ቁጥርና የደም ዓይነቷ ተጽፏል። የመክፈቻ ቁጥሯን ባሏ ያውቀዋል። በሁለት ደቂቃ ይቆለፋል። ፎቶዎቿም ቅጂ አላቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ካዝና ነው።"

የሷን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። አሻራዬ አውራ ጣት ሆነ፤ ቁጥሩን ባለቤቴ መረጠችው፤ ምን ቀን እንደሆነ አልናገርም። የሷ ስልክ ቁጥር ስክሪኔ ላይ ለዓለም ሁሉ ይታያል። እስካሁን የሰረቀው የለም።

ስልጠናውን የሰጠሁት እጄ ገና በጄሶ እንዳለ ነው። ኃላፊያችን ተነስቶ "ከዚህ አንጻር አሠልጣኛችንን እጋብዛለሁ" ሲል አዳራሹ በሳል ተሞላ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ግን አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ የደረሰብኝን ነገርኳቸው። ሰው ስልኩን እየተደበቀ ሲነካካ አየሁ፤ ገሚሱ ይቆልፋል፣ ገሚሱ ይከፍታል። ሲያልቅ ኃላፊው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የኔ ቁልፍ የለውም" አለኝ። "ማታ ማታ የአራት ዓመቷ ልጄ ትጫወትበታለች። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቀደም ብዬ ስለምገባ ከሰዓት ጀምሮ እሷ ጋ ነው።"

ያችን አውራ ጣት የላካት ማን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ አይደለሁም። አልጠየቅኩትም። የአራት ዓመት ልጅ ንግግሬን ወዳው ከሆነ ማወቅ አልፈልግም።

የቀረኝ ለእናቴ መንገር ነበር። ኮንዶሚኒየም የደረሳት ከተማው ዳር ነው፤ ሁለት ታክሲ ይያዛል። ስደርስ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"እማዬ፣ የቤቱ ቪዲዮ ጠፋ።"

"ሌባ ወሰደው?"

"አይ። ሌባ እንዳይወስደው ብዬ ነው።"

ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ሰከንዱ፣ ስለ ትንሿ ጣት፣ ስለ አሥራ አምስቱ ሙከራ ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"የኔን ጓዳ ሌባ ምን ያደርግለታል?" አለች። "እኔ ራሴ ገብቼ የምፈልገውን አላገኝበትም ነበር።" ጄሶዬን ነካ ነካ አድርጋ አየችው። "ያማል?"

"አሁን ተሽሎኛል።"

"እንግዲያው ስልክህን አውጣ። እነግርሃለሁ፣ ቅዳ።"

"ቤቱ የለም እኮ።"

"እኔ አለሁ አይደል?"

ተነስታ ከኮንዶሚኒየሙ በር ጀመረች። "ይሄ የቆርቆሮው በር ነው፤ ሥሩን በእግር ካልመቱት አይከፈትም" አለች። ሳሎኑን የአሁኑ ሳሎን ላይ አደረገችው። አልጋ ቤቱን ኩሽናው ላይ አደረገችው። ጓዳው ጋ ስትደርስ ቤቱ አለቀባት፤ ግድግዳው ፊት ቆማ ትንሽ ካሰበች በኋላ "ጓዳው ጎረቤት ገባ" አለች፤ ግድግዳውንም በእጇ መታ መታ አደረገችው።

"እኔን የወለድሽበት ጥግስ?" አልኳት። ባለፈው ቪዲዮ ላይ ያሳየችኝ እሱን ነበር።

"አንተማ ሆስፒታል ነው የተወለድከው።"

"ያኔ እዚያ ጥግ ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ያኔ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ካሜራ ፊት ነኝ፣ አሳመርኩት።" አላፈረችም። "እዚያ ጥግ የነበረው የአባትህ ጫማ ነው። አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ አባትህ ጫማውን አውልቆ ከዚያ ጥግ አንስቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እያነሳሁ ኖርኩ።" ከዚያ ስለ ጫማው ሃያ ደቂቃ አወራች። አባቴን እንደዚያ ስታማው ሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ስትስቅም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ለባለቤቴና ለወንድሜ ላክኩት፤ ቅጂውም የሆነ አገር፣ የሆነ ቦታ ተቀመጠ። እናቴ አሳየኝ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። መሀል ላይ አቆመችው።

"ነጠላዬ በጎን ወርዷል" አለች። "ይህን ለማንም እንዳትልከው። ከበሩ ጀምረን እንደገና እንቅዳ።"